የፕሮስቴት ዕጢ የደም ምርመራና የፕሮፌሰር አብሊን ክስ

በ2014 በአሜሪካ አገር ታትሞ የወጣ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ታላቁ የፕሮስቴት ማጭበርበር» ሊባል ይችላል። ደራሲዎቹ ፕሮፌሰር ሪቻርድ አብሊንና ሮናልድ ፒያና ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።) የመጽሐፉ ክስ ከባድ ነው። በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ጤነኛ ወንዶች ደማቸውን ሰጥተው፥ በአንድ ቍጥር ምክንያት ዕጢያቸው በመርፌ ተወግቶ፥ ከዚያም በቀዶ ጥገናና በጨረር ተጐድተዋል፤ ከዚህ ሁሉ የተጠቀሙት ግን የሕክምናው ነጋዴዎች ናቸው ይላል። ክሱን ይበልጥ የሚያስደንቀው ከሳሹ ራሱ ነው፤ አብሊን በ1970 ስለ ፕሮስቴት አንቲጅን ከጻፉት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ናቸውና። አባት የገዛ ልጁን ከዳኛ ፊት አቅርቦ ሲከስ፥ ሰው ሁሉ ከሳሹን ወደ ማመን ያዘነብላል። እኛም መጀመሪያ ስናነበው አዘንብለን ነበር። አሁን የምናቀርበው ሂስ ከዚያ ወዲህ የደረስንበትን ነው።

መጽሐፉን እንድናነብ ያደረገን የክፍል ትምህርት አይደለም። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድን ጊዜ፥ ዕድሜያቸው 66 የሆነ አባታችን ከአንድ ላቦራቶሪ ያመጧትን ብጣሽ ወረቀት ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ሰጡን። ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላቸው ስለ ነበረ ሄደው ደማቸውን ተመርምረው ኖሯል። በወረቀቷ ላይ 6.1 የሚል ቍጥር፥ ከጐኑም ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ነበረ፤ ሌላ ቃል የለባትም። ወረቀቷን የሰጣቸው ሰው «ይኸ ለካንሰር የሚታይ ነው» ከማለት በቀር ያብራራላቸው ነገር አልነበረም። አባታችን ሦስት ሳምንት ያህል እንቅልፍ አላገኙም፤ ለእናታችን ሳይነግሩ ታላቅ ወንድማቸውን ጠርተው ስለ መሬቱ አከፋፈል ተነጋግረዋል። እኛን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንተ የተማርህ ነህ፤ በሽተኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» መልስ አልነበረንም።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንናገር። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች የሽንቱን ቧንቧ ከብቦ የሚገኝ፥ በወንድ ብቻ ያለ ዕጢ ነው። ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው ፕሮቲን በዚህ ዕጢ ውስጥ ይሠራል፤ ተግባሩም የዘር ፈሳሽን ማቅጠን ነው። ከዚህ ጥቂቱ ወደ ደም ያልፋል፤ ላቦራቶሪው የሚለካውም በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ናኖግራም እንዳለ ነው። እንግዲህ ልብ ይባል፤ ፕሮቲኑ የዕጢው እንጂ የካንሰሩ አይደለም። ጤነኛው ዕጢ ይሠራዋል፤ በዕድሜ ብዛት ያለ ካንሰር ያበጠው ዕጢ ደግሞ ይበልጥ ይሠራዋል፤ በሽንት መሥመር ሕመም የተቈጣውም ወደ ደም ያፈስሰዋል። (ካንሰርን በአማርኛ ነቀርሳ የሚሉት አሉ፤ ነገር ግን ይኸው ቃል ለሳምባ በሽታም ስለሚነገር፥ እንዳናደናግር ካንሰር ማለትን መርጠናል።)

በአብሊን ክስ ውስጥ የማይናወጠው ክፍል ይህ ነው፤ ምርመራው ለዕጢው እንጂ ለካንሰሩ የተለየ ምልክት አይደለም። የታሪኩም አካሄድ ይህንኑ ያሳያል። በ1979 በቡፋሎ ከተማ በሮዝዌል ፓርክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን አጥርተው ለዩት። በ1986 የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር ምርመራውን የፈቀደው ካንሰር አስቀድሞ የተገኘባቸውን ሰዎች ለመከታተል ነበር። ለዚህ ተግባር እስከ ዛሬ ድረስ በጣም ጠቃሚ ነው፤ ዕጢው ተቈርጦ ከወጣ በኋላ ፒ.ኤስ.ኤ. እንደ ገና ሲጨምር የካንሰሩን መመለስ ይናገራል፤ በዚህ ላይ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የተነሣው ምርመራው ከበሽተኞች ወደ ጤነኞች በተሻገረ ጊዜ ነው። በ1991 ዶክተር ዊልያም ካታሎናና የሥራ ጓደኞቻቸው 1,653 ጤነኛ ወንዶችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ቍጥራቸው ከ4.0 እስከ 9.9 ከሆነውና ናሙና ከተወሰደላቸው መካከል በ22 ከመቶው፥ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነው ደግሞ በ67 ከመቶው ካንሰር ተገኘ። በ1994 ምርመራው ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ወንዶች፥ ሐኪሙ በጣቱ ከሚያደርገው ምርመራ ጋራ፥ ካንሰርን ለመፈለጊያ እንዲረዳ ተፈቀደ፤ 4.0 የምትለውም ቍጥር እንደ ድንበር ድንጋይ ተተከለች።

ድንበሩ ግን በሁለቱም በኩል ያፈስሳል። ከላይ እንዳየነው፥ ድንበሩን ጥቂት ካለፉት መካከል አብዛኞቹ ካንሰር አልተገኘባቸውም። ከድንበሩ በታች ያሉትስ? በ2004 ዶክተር ኢያን ቶምሰንና ጓደኞቻቸው ያሳተሙት ጥናት፥ ፒ.ኤስ.ኤ.ያቸው ከ4.0 ያልበለጠ 2,950 ወንዶች ሁሉ ናሙና ተወስዶላቸው፥ በ15.2 ከመቶው ካንሰር እንደ ተገኘ ይነግረናል። እንግዲህ «ከ4 በታች ነህና ደኅና ነህ፤ ከ4 በላይ ነህና ታምመሃል» የሚለው አነጋገር በሁለት በኩል ሐሰት ነው። በአባታችን ወረቀት ላይ የነበረው ቀስት ይህን ሐሰት በአንድ ጭረት ይናገር ነበር።

እስከዚህ ድረስ ከአብሊን ጋራ ነን። የምንለያየው እርሳቸው ከዚህ ተነሥተው የሚደርሱበት ላይ ነው። በመጋቢት 2010 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ባወጡት ጽሑፍ ምርመራው ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም እንደማይሻል ተናግረዋል። ይህ ለጋዜጣ አንባቢ ጆሮ ይጥማል፤ ለተመራማሪ ግን አይበቃም። ሳንቲም ምንም አያውቅም፤ ይህ ቍጥር ግን ጥቂት ያውቃል። በቶምሰን ጥናት ውስጥ ፒ.ኤስ.ኤ.ያቸው ከ0.5 ካልበለጠው መካከል ካንሰር የተገኘው በ6.6 ከመቶው ሲሆን፥ ከ3.1 እስከ 4.0 ባሉት ዘንድ ግን 26.9 ከመቶ ደርሷል። በካታሎናም ጥናት ከ22 ወደ 67 ከመቶ መዝለሉን አይተናል። (ሁለቱ ጥናቶች ናሙና የወሰዱት በተለያየ መንገድና ከተለያዩ ሰዎች ስለ ሆነ፥ የአንዱን ቍጥር ከሌላው ጋራ ማወዳደር አይገባም፤ እያንዳንዱ በራሱ ውስጥ ግን መውጣቱን ያሳያል።) ሳንቲም እንዲህ በደረጃ አይወጣም። ነገሩ ድንበር ሳይሆን ዳገት ነው። ስሕተቱ ዳገቱን መለካት ሳይሆን በዳገቱ መካከል አጥር አጥሮ በዚህ ወገን ያለው ጤነኛ፥ በዚያ ወገን ያለው በሽተኛ ማለት ነው። አብሊን አጥሩን ሲያፈርሱ ዳገቱንም የለም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ ጤነኞችን መመርመር ሰው ከሞት ያድናልን? በ2009 ሁለት ታላላቅ ጥናቶች በአንድ ቀን በአንድ መጽሔት ወጡ፤ አንደኛው የአሜሪካ፥ ሁለተኛው የአውሮፓ። አብሊን በጋዜጣው ጽሑፋቸው ሁለቱንም ጠርተው ለክሳቸው ምስክር አድርገዋቸዋል። ምስክሮቹን በየተራ ብንጠይቃቸው መልካም ነው።

የአሜሪካው ጥናት 76,000 ከሚበልጡ ወንዶች ግማሹን በዕጣ ለየዓመቱ ምርመራ፥ ግማሹን ለማነጻጸሪያ መደበ። ከሰባት ዓመት በኋላ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት በተመረመሩት ዘንድ 50፥ በማነጻጸሪያው ዘንድ 44 ሆኑ። በዚህ ብቻ ቢፈረድ ምርመራው ከንቱ ነው። ዳሩ ግን የማነጻጸሪያው ቡድን እውነት ያልተመረመረ ነበርን? በዚያው በ2009 ጽሑፍ ውስጥ፥ በስድስተኛው ዓመት ከማነጻጸሪያው ቡድን 52 ከመቶው በየግል ሐኪማቸው ዘንድ ተመርምረው እንደ ነበረ ታትሟል። በ2016 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች መጠይቆቹን መልሰው ቢያዩ፥ ከጥናቱ በፊት የተደረገው ምርመራ ሲጨመር ከማነጻጸሪያው ቡድን 90 ከመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተመርምሯል። ስለዚህ ጥናቱ ምርመራን ካለመመርመር ጋራ አላነጻጸረም፤ ብዙ ምርመራን ከጥቂት ያነሰ ምርመራ ጋራ ነው እንጂ። አንድን ማዳበሪያ ለመፈተን ሁለት ማሳ ዘርተን፥ ጎረቤት ሌሊት መጥቶ በሁለተኛውም ላይ ቢበትንበት፥ አዝመራው እኩል ሲሆን «ማዳበሪያው አይረባም» አንልም። አብሊን የ2016ቱን ሊያውቁ አይችሉም፤ የ2009ኙ 52 ከመቶ ግን በእጃቸው ነበረ። እኛ ይህን ምስክር ከክሱም ከመከላከያውም መዝገብ እናወጣዋለን።

የአውሮፓው ጥናት ከዚህ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ስለዚህም በእርሱ ላይ እንቈያለን። በሰባት አገሮች፥ ከ55 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 162,243 ወንዶች ናቸው የተከፈሉት፤ ከዚያም ፈረንሳይ ስምንተኛ ሆና ተጨምራለች። በ2009 የወጣው ውጤት በተጠሩት ዘንድ የፕሮስቴት ካንሰር ሞት በ20 ከመቶ እንዳነሰ አስታወቀ። በዚያው ገጽ ደግሞ አንድ ሰው ከዚህ ሞት ለማዳን 1,410 ሰዎች መመርመር፥ 48 ተጨማሪ ሰዎችም መታከም እንዳለባቸው ተጽፏል። የምርመራው ወዳጆች 20 ከመቶውን ይዘው ሄዱ፤ ጠላቶቹ 48ቱን ይዘው ሄዱ። ሁለቱም ከአንድ ጥናት ናቸው። አብሊንም 48ቱን ይዘው፥ ከአንዱ በቀር የቀሩት 47 የወንድነት ኀይላቸውን ያጡና ከሽንት ቤት ሊርቁ የማይችሉ ናቸው በሚል አኳኋን ጻፉ።

ነገር ግን 48 የምትለው ቍጥር የቆመች አልነበረችም። ከ13 ዓመት ክትትል በኋላ በ2014 የወጣው ውጤት 781 ተጠሪና 27 ተጨማሪ በሽተኛ አላት፤ በ2019 ከ16 ዓመት በኋላ 570 እና 18 ሆነች፤ በ2025 ከ23 ዓመት በኋላ ደግሞ 456 እና 12። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ የተገኘውን ሰው የሚገድለው፥ ከገደለው፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጕዳቱ ግን አይዘገይም፤ መርፌው፥ ድንጋጤው፥ ቀዶ ጥገናው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይመጣል። ምርመራው ዕዳውን ዛሬ ከፍሎ ትርፉን ከ20 ዓመት በኋላ እንደሚቀበል ሰው ነው። በ9ኛው ዓመት ሒሳቡን የዘጋ ሰው ኪሳራ ብቻ ያያል። በዚህም ነው የ55 ዓመት ሰውና የ75 ዓመት ሰው በአንድ ቍጥር አንድ ምክር ሊሰጣቸው የማይገባው፤ የ75ቱ ሰው ዕዳውን ከፍሎ ትርፉን ሳይቀበል ሊሄድ ይችላል።

ይህን ብለን ደግሞ የምርመራውን ወዳጆች ዝም ብለን አናልፋቸውም። ከ23 ዓመት በኋላ የሞቱ መቀነስ 13 ከመቶ ነው፤ ይህም ማለት በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት በማነጻጸሪያው ቡድን ከመቶ 1.6፥ በተጠሩት 1.4 ናቸው። ከ1,000 ሰዎች 16 ይሞቱ የነበሩት 14 ሆኑ። «13 ከመቶ» እና «ከሺሕ ሁለት ሰው» አንድ እውነት ናቸው፤ ግን በሰው ጆሮ አንድ አይመስሉም። የመጀመሪያውን ብቻ በማስታወቂያ ላይ የሚጽፍ ሐኪም ቤት አልዋሸም፤ አላስረዳምም።

የተገኘው ካንሰር ሁሉ የሚገድል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ። በሌላ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር፥ ከ79 ዓመት በላይ ከሆኑት ከግማሽ የሚበልጡት በሕይወታቸው ሳያውቁት ይህ ካንሰር በዕጢያቸው ውስጥ እንደ ነበረ ታይቷል። ከካንሰሩ ጋራ ኖረው በሌላ ነገር ሞቱ ማለት ነው። ስንዴውና እንክርዳዱ በአንድ ማሳ በበቀለበት ጊዜ ሁሉን መንቀል ብቻ ነው መፍትሔው ወይ? በእንግሊዝ አገር የተደረገው ፕሮቴክት የተባለው ጥናት የጠየቀው ይህን ነው። በምርመራ ካንሰር የተገኘባቸውን 1,643 ወንዶች በዕጣ ለሦስት ከፈለ፤ አንዱን ክፍል ለቀዶ ጥገና፥ አንዱን ለጨረር፥ አንዱን ሳይነካ እየተከታተሉ ለመጠበቅ። በ2023 የ15 ዓመቱ ውጤት ሲወጣ በካንሰሩ የሞቱት በቀዶ ጥገናው 2.2፥ በጨረሩ 2.9፥ በመጠበቁ 3.1 ከመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም። እውነት ነው፥ በተጠበቁት ዘንድ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የዘለቀባቸው 9.4 ከመቶ ሲሆኑ በቀዶ ጥገናው 4.7 ነበሩ፤ ይህን የሚሸሽግ ሰው ልክ አይደለም።

የአብሊንም 47 ሰዎች በዚህ ጥናት ይመዘናሉ። በ2016 እንደ ወጣው፥ ከቀዶ ጥገና ከ6 ዓመት በኋላ በሽንት ምክንያት ጨርቅ ወይም ሌላ መምጠጫ የሚይዙት 17 ከመቶ ነበሩ፤ እንግዲህ ሁሉም ከሽንት ቤት አይርቁም ማለት የተጋነነ ነው። ስለ ወንድነት ኀይል ግን ከተቀደዱት መካከል ከስድስት ወር በኋላ ለግንኙነት የሚበቃ ኀይል የቀረላቸው 12 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዚህኛው አብሊን ብዙም አልተጋነኑም። በአገራችን ሽማግሌ ይህን ጕዳት ለሐኪምም፥ ለሚስትም፥ ለልጅም የሚናገረው አይደለም፤ ስለዚህ ከመቀደዱ በፊት ካልተነገረው በኋላ ጠይቆ የሚያውቀው የለም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት፥ ጕዳቱ የሚመጣው ከደሙ ሳይሆን ከደሙ በኋላ ካለው ሰንሰለት መሆኑን ነው። ሰንሰለቱ ሊቈረጥ ይችላል። በ2022 በስዊድን በጐተንበርግ ከተማ የወጣው ጥናት ፒ.ኤስ.ኤ.ያቸው ከፍ ካለው መካከል አስቀድሞ ኤም.አር.አይ. ተነሥተው የሚያጠራጥር ነገር ከታየበት ቦታ ብቻ ናሙና ቢወሰድ፥ የማይጐዳውን ካንሰር ማግኘት በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ጥቂት የሚጐዳ ካንሰርም ለጊዜው ሊታለፍ እንደሚችል አልሸሸገም። የመጽሐፉ ትልቁ ጕድለት ለእኛ የሚታየን እዚህ ላይ ነው። ሰንሰለቱን ከመጀመሪያው ቀለበት ጀምሮ እንድንጥል ይነግረናል፤ በየትኛው ቀለበት መቈረጥ እንዳለበት ግን አይጠይቅም። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኀይል በ2012 ምርመራው ለማንም ዕድሜ እንዳይደረግ መክሮ ነበር፤ በ2018 ግን ከ55 እስከ 69 ያለው ሰው ከሐኪሙ ጋራ ተነጋግሮ ራሱ ይወስን፥ 70 የሞላው አይመርመር ብሎ አሻሻለው። በ2014 የታተመ መጽሐፍ በዚህ ባይወቀስም፥ ዛሬ የሚያነበው ሰው ይህን ሳያውቅ ማንበብ አይገባውም።

አንድ ነገር እንጨምር። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የነጮች ናቸው፤ በአሜሪካው ጥናት ጥቁሮች ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነበሩ። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በዚህ ካንሰር የሚሞቱት ከነጮቹ እጥፍ ያህል መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከዚህ ተነሥተው «አፍሪካዊ ሁሉ እንዲሁ ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የአሜሪካ ጥቁሮች የዘር ግንድ በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ኑሯቸውና ሕክምናቸውም የእኛ አይደለም። የአውሮፓውን ሰንጠረዥ አንሥቶ ለአባታችን ማንበብ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ማልበስ ነው፤ የአሜሪካውም ኮት ቢሆን ለእርሳቸው አልተለካም።

አባታችንን ወደ አንድ ሐኪም ወሰድናቸው። ሐኪሙ ሽንታቸውን አስመርምሮ ሕመም አገኘበት፤ በዚያ ሕመም ላይ ሳሉ ደሙ መለካቱ ራሱ ስሕተት እንደ ነበረ ነገረን። መድኀኒት ወሰዱ፤ ከሁለት ወር በኋላ እንደ ገና ቢለካ 4.4 ሆነ። ከ6.1 ወረደ፤ ከ4.0 ግን አላለፈም። አባታችን «እንግዲህ ከድንጋዩ ወዲያ ነኝ ወይስ ወዲህ?» አሉን። ድንጋይ እንደሌለ፥ ዳገት እንደ ሆነ፥ በዳገቱም ላይ ዝቅ ብለው እንደ ቆሙ ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና «መርፌ ቢወጉኝና ቢያገኙት ምን ያደርጉኛል?» ብለው ጠየቁ። ከላይ የጻፍነውን ሁሉ፥ የወንድነቱን ነገር ጭምር፥ እያፈርንም ቢሆን ነገርናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ደሙ እንደ ገና እንዲለካ ከሐኪሙ ጋራ ተስማሙ፤ ለእናታችንም በዚያው ምሽት ነገሯት። ሁለቱን ወረቀቶች ግን አልጣሏቸውም፤ ከመሬቱ ደብተር ጋራ በሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል።